ለገና የተቀመሰ ጭኮ

በቤታችን ለገና የሚሰናዳውን ቅቤ የገባበት ነገር ሁሉ የምቀምሰው እኔ ነበርኩ። እናቴ ትጾማለች፣ አባቴም ይጾማል፤ የነቢያት ጾም ከኅዳር አጋማሽ እስከ በዓሉ ዋዜማ ድረስ ቅቤ ያስከለክላል። ጭኮ ደግሞ ያለ ቅቤ ጭኮ አይደለም፤ ቀደም ብሎ ካልተሠራም ቅመሙ ከገብሱ ጋር አይዋሐድም። እንግዲህ በጾም ተሠርቶ በፍስክ የሚበላውን ነገር ማን ይቅመሰው? ለጾም ያልደረሰ ልጅ ነዋ። ሌላ አገር እንዴት እንደሚያደርጉ አላውቅም፤ ጎባ ላይ የሰፈሩት የወታደር ሚስቶች ግን ልጅ የሌላቸው ከጎረቤት እስከ መዋስ ይደርሱ ነበር። "ልጅሽን ለአንድ አፍታ ላኪልኝ፣ ቅቤ ላስቀምሰው" ይባባላሉ።

እኔ በዚህ ሥራዬ የምኮራው ኩራት ልክ አልነበረውም። እናቴ ጣቷን ነክራ ትዘረጋልኛለች፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ እልሳለሁ፣ እሷ ፊቴን እያየች ትጠብቃለች። ትልቅ ሰው በእኔ ፊት እንዲያ ትንፋሹን ይዞ የሚጠብቅበት ሌላ ጊዜ አልነበረም። ሆን ብዬ አዘገይ ነበር። "ተናገሪ እንጂ አንቺ ልጅ!" እስክትለኝ ድረስ አፌን እያጣጣምኩ እቆያለሁ።

ጎባ ያን ጊዜ ከተማ ለመባል ገና ነበረች። ኮረብታው ላይ የጦሩ አለቃ ግቢ ነበር፤ ከዚያ ዝቅ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ከዚያ እዚህም እዚያም የእኛ የወታደሮቹ ጎጆ። አባቴ ከሸዋ ከዘመቻው ጋር መጥቶ በዚያው የቀረ ነው። እናቴን ኋላ አስመጣት፤ እኔ እዚያው ተወለድኩ። ከጓሯችን እስከ ወንዙ ድረስ ያለው ማሳ የአባቴ ነው ይባላል። የሚያርሰው ግን አባቴ አልነበረም፤ አገሩ ሲያዝ ከነመሬቱ ለአባቴ ገባር ሆኖ የተሰጠው ጎረቤታችን ነው። ቀድሞ ማሳው የማን ነበር ብሎ የጠየቀ ሰው በቤታችን አልሰማሁም። እኔም አልጠየቅሁም።

የዚያ ሰው ሚስት የእናቴ ወዳጅ ነበሩ። በዚያ ዘመን እኛ የሰፋሪ ልጆች እኚህን ሴት "አንቺ" ነበር የምንላቸው፣ የእናቶቻችን እኩያ ሆነው ሳለ። ዛሬ ስጽፍ "እሳቸው" እላለሁ። ቢዘገይም ይሻላል።

ሁለቱ ሴቶች እንዴት እንደተዋደዱ እንጃ። እናቴ ኦሮምኛ አታውቅም፤ "አከም ጅርታ" ብላ ከሰላምታው አታልፍም። እሳቸውም አማርኛ አያውቁም። መሃላቸው የምቆመው እኔ ነኝ። ከልጆቻቸው ጋር ስጫወት ቋንቋውን እንዴት እንደያዝኩት ሳላውቀው ይዤው ስለነበር፣ እናቴ ያለችውን ለእሳቸው፣ እሳቸው ያሉትን ለእናቴ እያመላለስኩ እውል ነበር። ብዙ ጊዜ ግን ሳይነጋገሩ ነው የሚውሉት። አንዷ ገብስ ስታምስ ሌላዋ ትለቅማለች።

ጭኮን ለእናቴ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እናቴ ከአገሯ የምታውቀው በሶ ነው፤ በውኃና በጨው ተበጥብጦ የሚጠጣ የመንገድ ምግብ። ጭኮ ግን ሌላ ነው። ገብሱ ተመርጦ፣ ተሸክሽኮ፣ ሳያር በቀስታ ታምሶ እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ አቧራ እስኪልም ይፈጫል። ከዚያ በኮረሪማ የተነጠረ ቅቤ እየተጨመረበት እጅ እስኪዝል ይታሻል፣ ጨው ይነካዋል፣ ተጠቅጥቆ ይቀመጣል። እናቴ ደግሞ ከራሷ ማር ጨመረችበት፤ ከሃረና ጫካ በፈረስ ተጭኖ የሚመጣውን ጠቆር ያለውን ማር። ጎረቤታችን መጀመሪያ ሳቁባት። ከቀመሱት በኋላ ግን በራሳቸውም ቤት እንደዚያው ማድረግ ጀመሩ።

ታኅሣሥ ሲገባ ከሰነቴ ተራራ በኩል የሚወርደው ብርድ አጥንት ሰብሮ ይገባል። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ደጅ ያደረ ውኃ ስስ በረዶ ይይዛል። እኔ ግን ያን ወር ከዓመቱ ወር ሁሉ አስበልጬ እወደው ነበር። ወንዶቹ ለገና ጨዋታ ከወይራ ሥር ጥንግ ይጠርባሉ፤ ሴቶቹ ጧፍ ይሠራሉ። እናቴ ከማሩ የቀረውን ሰም አቅልጣ፣ የፈተለችውን ክር ደርባ ደርባ በውስጡ ታሳልፈዋለች። እኔ የክሩን ጫፍ ይዤ ወደ በሩ አፈገፍጋለሁ፤ እሷ ሳይደርቅ በመዳፏ ታድበለብለዋለች። ጣቶቼ ላይ የደረቀውን ሰም እየላጥኩ መጫወቱ ራሱ በዓል ነበር።

የምነግራችሁ ግን ሰባት ዓመት ስለሞላኝ ዓመት ነው። የነፍስ አባታችን "ከእንግዲህ ልጅቱ ትጹም" አሉ። ደስ አለኝ፤ ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። እናቴ "ጾም ቀልድ አይደለም፣ ኋላ ተራብኩ ብትይ አልሰማሽም" ስትለኝ "አልልም" አልኳት፣ አላልኩምም። ቀማሽነቴ አብሮ እንደሚቀር ግን ልብ አላልኩም ነበር።

የዚያ ዓመት ገና ከሌላው ጊዜ የተለየ ነበር። የአባቴ አለቃ ከቅዳሴ በኋላ እኛ ቤት ሊጋበዝ ነበር። በዚያው ሰሞን ከጥምቀት በኋላ ወደ ቆላ የሚወርድ ጦር እንዳለ ተወራ፤ ስንቁን የሚሸከሙ ገባሮች ተመረጡ፤ የጎረቤታችን ባልም ከተመረጡት አንዱ ሆኑ። ቆላ ማለት ንዳድ ማለት ነው። እዚያ ወርዶ የሚመለስ ደገኛ ጥቂት ነው፤ ቢመለስም በጤና አይመለስም። ጎረቤታችን ወደ እኛ ቤት መጥተው መሬት ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። እናቴ ከጎናቸው ተቀመጠችና እንዲህ በያት አለችኝ፦ "አለቃው በገና ዕለት እኔ ቤት ይበላል። በልቶ ደስ ሲለው ስለ ባልሽ እለምንልሻለሁ። በበዓል የተለመነ አይመለስም።"

ይህን ቃል በቃል ነገርኳቸው። ስለዚህ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም።

አለቃው የሚወደው ጣፋጭ ነገር እንደሆነ በሰፈሩ የታወቀ ነው። እናቴ ተስፋዋን ሁሉ በጭኮው ላይ ጣለች። ገብሱን ጎረቤታችን ራሳቸው አመጡ፣ ራሳቸው አመሱ፣ ራሳቸው ፈጩ። ከበዓሉ ስምንት ቀን ቀደም ብሎ ተቀምጠው ሲያሹት እኔ እንደ ልማዴ ወደ ገበታው ተጠጋሁ። እናቴ እጇን ዘረጋችና ገፋ አደረገችኝ።

"አንቺማ ጿሚ ነሽ" አለች እየሳቀች። "እሷ የእኛን ጾም አትጾምም፤ እሷ ትቅመስልን።"

ታናሽ ወንድሜ ገና ጡት ላይ ነበር። ሰፈሩ ውስጥ ስንት ያልጾመ ልጅ እያለ ለምን እሳቸውን እንደመረጠች ያኔ አልገባኝም፤ ዛሬ ይገባኛል። ለባላቸው የሚሠራ ነገር ነው፤ ከእሳቸው የበለጠ ማን ተጠንቅቆ ይቀምሳል? እኔ ያየሁት ግን እናቴ ጣቷን ነክራ ወደ ሌላ ሰው አፍ ስትዘረጋ ነው። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እናቴ ትንፋሿን ይዛ ፊታቸውን ታያለች። ከዚያ ፈገግ አሉ፣ ተያዩና ሁለቱም እንደ ልጃገረድ ሳቁ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በቅናት አያቸዋለሁ።

ጎረቤታችን ላም የሚያልቡበት ሰዓት ደርሶ ነበርና ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ወደ እኔ ዞረው "ገኤራ" አሉ፤ በቃ፣ ልኩ ነው ማለት ነው። "ጨው እንዳትጨምር በያት። እንዲሁ ጠቅጥቃ ታስቀምጠው።"

ሄዱ። እናቴ "ምን አለች?" አለችኝ።

"ጨው ይቀረዋል አለች።"

"ፊቷ ደስ ብሎት አልነበር?"

"ማሩ ነው ደስ ያላት። ጨው ግን ብዙ ይጨመርበት፣ ማሩ ይውጠዋል አለች።"

ይኸው ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ሳስበው የነበረው ነገር አሁን ስጽፈው ያሳፍራል፤ ጭኮው ትንሽ ቢከፋ እናቴ የሴትየዋን ምላስ አታምንም፣ ወደ እኔ ትመለሳለች ብዬ ነው። እኔ ራሴ ጿሚ መሆኔን እንኳ ረስቼው ነበር። ስለ ሸክሙና ስለ ቆላው አስቤ እንደሆነ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። አላሰብኩም። ማሰብ ነበረብኝ።

እናቴ አሞሌውን አውርዳ በቢላዋ ትፍቀው ጀመር። እኔ ቆንጠር አድርጋ የምትተው መስሎኝ ነበር። ጨው ውድ ነው፣ በዋዛ አይፋቅም፤ እሷ ግን ለዚያ ቀን ምንም ልትሰስት አልፈለገችም። ፈቀች፣ ፈቀች። እፍኝ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። "በቃ" የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ብናገር እንደምገረፍ አሰብኩና ዋጥኩት።

የገና ዕለት ቤታችን ጢም ብሎ ሞላ። በጉ ታርዷል፣ አዲስ ሣር ተጎዝጉዟል። አለቃው ከመሃል ተቀመጠ፤ የነፍስ አባታችን ከጎኑ። ወጡን በልቶ አመሰገነ፣ ቀለደ፣ ጠጅ ጠጣ። እናቴ ደስታዋን መደበቅ አቃታት። ጎረቤታችን በጓሮው በር በኩል ነጠላቸውን አስተካክለው ቆመዋል፤ ባላቸው ደግሞ ከአጥሩ ውጭ ይጠብቃሉ፤ ከተጠሩ ገብተው እጅ ሊነሡ። ከዚያ ጭኮው መጣ። እናቴ አናቱን በጣቷ እንደ አበባ ጠርባው፣ መሃሉ ላይ ማር አፍስሳበት ነበር።

አለቃው "ይሄን ነው የምፈልገው!" ብሎ በትልቁ ዘገነና ጎረሰ።

ማኘኩን አቆመ። እንደምንም ዋጠውና ጠጁን አንሥቶ እስከ ሥሩ ጨለጠው። "እሜቴ" አለ፣ "የአገሩን አሞሌ ሁሉ እዚህ ጨርሳችሁታል ልበል?" ወታደሮቹ በሳቅ ፈነዱ። ነፍስ አባታችን የያዙትን ቁራሽ ቀስ ብለው ከገበታው ጠርዝ አኖሩት። አባቴ አቀርቅሮ ጉዝጓዙን ያያል። እናቴ ልመናውን በአፏ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ሌላ ሴት ብትሆን አብራ ትስቅና በሳቁ መካከል ትለምን ነበር፤ አለቃውም ክፉ ሰው አልነበረም። እናቴ ግን በሰው ፊት አፏን ለመክፈት ሳምንት ሙሉ ራሷን ያዘጋጀች ዓይን አፋር ሴት ናት። ከደጅ "ጨዋታው ተጀመረ!" የሚል ድምፅ ተሰማ፤ አለቃው አመስግኖ ተነሣ፣ ሁሉም ተከትሎት ወጣ። ጎረቤታችን ከጓሮው በር ሲያዩ ቆይተው ሄዱ።

እኔም የመጀመሪያ ጾሜን የፈታሁት በዚያ ጭኮ ነው። እናቴ ሳታየኝ ቆርሼ ጎረስኩ፤ ምላሴን አቃጠለኝ፤ ሳልተፋው ዋጥኩት።

በማግስቱ እናቴ አስጠራቻቸው። ሌሊቱን ስታለቅስ ነበር ያደረችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። "ጠይቂያት" አለችኝ። "ለገዛ ባሏ ብዬ የደከምኩበትን ነገር ለምን እንዲህ አደረገችው? ለምን ጨው ጨምሪ አለችኝ?"

እኔ ለእሳቸው የነገርኳቸው ይህን ነው፦ "ጭኮው ጨው በዛበት ትላለች።"

እሳቸው ወደ እናቴ አላዩም፤ እኔን አዩኝ። "ገኤራ ብዬሽ አልነበር?" አሉኝ። ቁጣ የለበትም ድምፃቸው። ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ያን ጊዜ ሁሉን እንደተረዱ አወቅሁ። "ልጄ" አሉኝ፣ "አንቺው ንገሪያት።"

እናቴ "ምን አለች?" አለች።

"ምላሴ ተሳስቶ ነው አለች።"

"ተሳስቶ!" አለች እናቴ። "አሳቀችብኝ እንጂ! እኔን ሰው ብላ አልቆጠረችኝም። ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ በያት።"

ይህችን አንዷን ሳልጨምር ሳልቀንስ ተረጎምኳት።

ባላቸው ከጥምቀት በኋላ ሸክሙን ይዘው ወረዱ። ብዙው አልተመለሰም፤ እሳቸው ክረምቱ ሲገባ ተመለሱ። ንዳዱ ግን በየዓመቱ እየተነሣ ይጥላቸው ነበር፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ትልም ሙሉ አላረሱም፣ ጥቂት ዓመታት ታመው ሞቱ። የኛን ማሳ ሌላ ሰው ያርሰው ጀመር። ጎረቤታችንም ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሲናና ወደ ዘመዶቻቸው ሄዱ። እናቴ ዘመኗን ሙሉ ሌላ ወዳጅ አላበጀችም። ወንድሜ በፈንጣጣ ሲሞትባት አጠገቧ ተቀምጦ ዝም የሚላት ሰው አልነበራትም። ያየሁት ነው።

ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። እኔ አግብቼ የመጀመሪያ ልጄን አዝያለሁ፤ ከእናቴ ጋር ሮቤ ገበያ ሄደን ነበር። እናቴ ያን ጊዜ ኦሮምኛ ይዛለች፤ የተሰባበረ ቢሆንም ትገበያይበታለች፣ ትከራከርበታለች። ገብስ ከሚሸጡት ሴቶች መካከል እኚያን ሴት አየናቸው። ፀጉራቸው ሸብቷል። እናቴ ፊታቸው ቆመች። ያለ እኔ፣ በራሷ አፍ፣ "ያን ጊዜ ለምን እንዲያ አደረግሽኝ?" አለቻቸው።

ስፈራው የኖርኩት ቀን ይህ ነበር፤ ከእንግዲህ ማንም እኔን ተርጉሚ አይለኝም።

እሳቸው እናቴን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ጀርባዬ ላይ የተኛውን ልጅ አዩ። ከዚያ እናቴ እንድትሰማቸው ቃሉን አንድ በአንድ እያወጡ፣ "ምላሴ ነው የሳተኝ" አሉ። "ማሩ አታለለኝ። ይቅር በዪኝ።"

እናቴ አንገታቸው ላይ ተጠምጥማ አለቀሰች፤ ጉንጫቸውን አገላብጣ ሳመች። ገበያተኛው ቆሞ ያያል። እኔ ቆሜ አያለሁ። አፌን ከፍቼ "ውሸታቸውን ነው፣ እኔ ነኝ" ማለት እችል ነበር፤ በሁለቱም ቋንቋ እችል ነበር። አላልኩም።

እናቴ እሳቸውን የምትጋብዘው ነገር ልትገዛ ስትሄድ ብቻችንን ቀረን። "ለምን?" አልኳቸው። "ለምን እርስዎ?" እርስዎ ስላቸው የመጀመሪያዬ ነበር። የጆንያቸውን አፍ እያሰሩ ነበርና ቀና ሳይሉ መለሱልኝ።

"ያኔ ብናገር የምናገረው ባንቺ አፍ ነበር። ዛሬ ብናገር ደግሞ ባሌ አይመለስም። ላንቺ እናት ከልጆቿ የቀረሻት አንቺ ብቻ ነሽ፤ አንቺን ላሳጣት?"

እናቴ እስክትሞት ድረስ ይህን ታሪክ ትናገረው ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ የልጅ ልጆች ሲጣሉ፣ ስለ ይቅርታ ወሬ ሲነሣ ታመጣዋለች። "አንዲት የአገሩ ሴት በድላኝ ነበር" ትላለች። "ወዳጄ ነበረች። ኋላ ግን በገበያ መሃል፣ በሰው ፊት፣ ይቅር በዪኝ አለችኝ። እኔም ይቅር አልኳት።" ሰዎቹ "አይ እርስዎ፣ እንዴት ያሉ ደግ ነዎት" ይሏታል። እሷም ወደ እኔ ትዞርና "አንቺም ነበርሽ፣ አይደል?" ትለኛለች።

"ነበርኩ" እላታለሁ።